ዳርቻው ሙሉ ድንጋይ ነበር

«እንዝርት» ብሎ ስም ያወጣለት ታንኳ ሠሪው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሰኞ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ውሃውን ማረስ ሲጀምር። እሱ የታላቅ ወንድሙን የሁለት ሰው ታንኳ ብቻውን ይዞ ወጥቶ ነበር። ከኋላ መቀመጫ ላይ ሆኖ ወደ ዳር ቢቀዝፍ ቢቀዝፍ፣ ታንኳዋ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ እዚያው በዚያው ትሾር ጀመር። ዳር ላይ ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ማን ምን ለብሶ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል። ታንኳ ሠሪው መጥረቢያውን አስቀመጠና፣ «ይሄስ ሰው አይደለም፣ እንዝርት ነው። ጥጥ አቀብሉት» አለ። ሰባቱም ሳቁ። ከሰባቱ አንዱ ወንድሙ ነበር፤ የእሱን ሳቅ ግን ወንድም ነው ብሎ አልቆጠረበትም።

ከዚያ ወዲያ አባቱ ያወጣለት ስም ጠፋ። ልጁ እንኳ የእንዝርት ልጅ ተብላ አደገች። ብቻውን ታንኳ ላይ አልወጣም። ወንድሙ መረብ ይጥላል፣ እሱ ይቀዝፋል፤ ዓሣው የባለታንኳው፣ የወገብ ሕመሙ የእሱ። ባለፈው ወር ደግሞ ወንድሙ፣ «የልጄ ባል ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ አንተም ደከም ብለሃል» ብሎ መቀመጫውን ወሰደበት። አሁን የቀረው ወይ የራሱን ታንኳ መያዝ ነው፣ ወይ በረዶ ቤት ገብቶ ሰው ያጠመደውን ዓሣ በሳጥን መሸከም። ትልልቁ ዓሣ ደግሞ ወደ ሸምበቆው የሚጠጋው ነፋስ ሲነሣ ነው። ነፋስ የማትችል ታንኳ ለእሱ ገንዳ ናት።

ስለዚህ ወደ ሠሪው ግቢ ሆን ብሎ በዘጠኝ ሰዓት ሄደ። ሰው ታንኳ የሚመርጠው ጠዋት ነው፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ታንኳ ሁሉ ጨዋ ነው።

ሠሪው አርጅቷል። ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ ተኝቷል። «እንዝርት፣ እንደምን ዋልክ» አለ፣ አባት ያወጣው ስም ይመስል። ወጊው ረስቶታል ማለት ነው።

«የአንድ ሰው ታንኳ» አለ እሱ፤ ሰላምታውን ሳይመልስ።

ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያዋ አፍንጫዋ እንደ አውራ ዶሮ አንገት የተቀሰረ፣ ቀለም የጠጣች። ሁለተኛዋ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ግን መረብ ሲጎተት የምትገለበጥ። ሦስተኛዋ ከዳሱ ሥር ቀለም ሳይነካት ተደፍታለች፤ ጎኗ ዝቅ ያለ፣ ሆዷ ሰፊ፣ ፊትና ኋላዋ እኩል። ነፋስ ቀና ያለውን ነገር እንደሚይዝ አሥራ አንድ ዓመት ሲቀዝፍ ተምሯል። ሰውም ቢሆን ያው ነው።

ቢሆንም መጀመሪያ ባለ ዶሮ አንገቷን ሞከራት። ሃያ ጊዜ ሳይቀዝፍ ነፋሱ አፍንጫዋን ይዞ አዞራት። ጆሮው ሳቅ ሰማ። ዞር ሲል ዳር ላይ ከሠሪው በቀር ሰው አልነበረም፤ ሠሪውም አይስቅም።

ሦስተኛዋን ሲያወርድ ሠሪው እያነከሰ መጣና ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ ፊቷ ውስጥ አስቀመጠ። «ለአንድ ሰው ስትሆን ፊቷ ይቀላል፤ ይሄ ያስይዛታል። አንተም ኋላ አትቀመጥ፤ መሃል ተንበርከክ።»

ታንኳዋ ትልሙን እንደሚያውቅ በሬ አቀርቅራ ነፋሱን ሰንጥቃ ሄደች። ሸምበቆው ድረስ ደርሶ ተመለሰ፤ ነፋሱን በጎኗ ሰጥቶ ሞከራት፣ አልዞረችም። ደስታ ደረቱ ላይ ሞቅ ሊል ሲል አንድ ሐሳብ መጣና አቀዘቀዘው።

«ያን ቀን የጎደለኝ ድንጋይ ነው?» አለ ዳር ሲደርስ።

«ድንጋይ ብቻ።»

«ታውቅ ነበር?»

«እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቅ ነበር።» ሠሪው የመጥረቢያውን ስለት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «እኔማ ልጮህልህ ተነሥቼ ነበር። ወንድምህ ክንዴን ያዘኝ። ‹ተወው፤ ብቻውን ከለመደማ ለእኔ ማን ሊቀዝፍልኝ ነው› አለኝ። እኔም ያው ቀለድኩ።»

እሱ ዳርቻውን አየ። ከእግሩ ሥር ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ድንጋይ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቂሙን በተሳሳተ ሰው ደጅ ሲያስር ኖሯል።

ዋጋውን ሰጠ። ድንጋዩን አውጥቶ ጣለ። ታንኳዋን ገልብጦ እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፋትና ከግቢው ወጣ።

በሩ ላይ እርጥብ እግሮች መንገዱን ዘጉበት። ከታንኳዋ ጠርዝ በታች የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ የወንድሙን ጥፍር ግን የትም ያውቀዋል።

«እንዝርትዬ፣ ታንኳም ገዛህ? እሰይ» አለ ወንድሙ። «የልጄ ባል እኮ ነፋስ አይችልም። ዛሬ መረቤን አስበላኝ። ነገ በጊዜ ና እንጂ፤ የወንድም ቦታ በሰው አይሞላም።»

ድምፁ ታንኳዋ ሆድ ውስጥ እንደ በርሜል አስተጋባ። «እሺ ጋሼ» የሚለው ቃል ከልማዱ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጠው።

በእግሮቹ ጎን አለፈ።

«እንዝርት» አለ ወንድሙ ከኋላው። «አንተ እንዝርት፣ አትሰማም?»

በመጨረሻ አባታቸው ባወጣለት ስም ጠራው።

እርምጃው አንድ ጊዜ ተዛነፈ። ነፋሱ የታንኳዋን ጭራ ገፍቶ ሊያዞረው ሞከረ። አንገቱን አቀረቀረ፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ያዘ፣ ሄደ።