የግራ ጉንጭ

የአባቷን ካልሲ አውልቃ ተረከዙን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ቆዳው ነጣ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መልኩ ተመለሰ። ደህና ነው፤ የአልጋ ቁስል አልጀመረውም። ሌላኛውንም እግር እንዲሁ አየች። ብርድ ልብሱን ገልጣ ወገቡ ሥር እጇን ሰደደች፤ አንሶላው ደረቅ ነው። የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጣ ስፌቱን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

"ምን ደበቅኩ?" አለ አባቷ እንደተጋደመ። "ጉምሩክም እንዲህ አይፈትሽ።"

"ዝም ብለህ ተኛ፣ አባዬ።"

"ተኝቻለሁ እኮ። ከመተኛት ሌላ ምን ሥራ አለኝ?"

መፈተሽ ሥራዋ ነው። በልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ በፊቷ ያልፋል፤ ትገለብጠዋለች፣ ስፌቱን ከውስጥ ታያለች፣ እንከን ካገኘች ቀይ ወረቀት ለጥፋ ትመልሳለች። አንድ እንከን ይበቃል። ሁለተኛውን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ አለቃዋ የሚላት እንደዚያ ነው።

አባቷ እዚህ መጦሪያ የገባው ለአንድ ወር ሙከራ ነበር። ወሩ ዛሬ ያበቃል። ከመሄዷ በፊት ለመጦሪያው ኃላፊ ለሲስተር መልስ መስጠት አለባት፤ ይቆያል ወይም ይወጣል። ከወጣ የሚመለሰው እሷ ቤት ነው። እሷ ፋብሪካ፣ ልጇ ትምህርት ቤት ስትውል እሱ ብቻውን ወደሚውልበት ቤት። ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት መታጠቢያ ቤት ወድቆ እዚያው ሲሚንቶ ላይ ነው የዋለው። አመሻሽ ላይ በሩን ስትከፍት "መጣሽ?" ነበር ያላት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደጠበቃት ሰው። ያን ቀን ማልቀስ ነበረባት። አላለቀሰችም። ፎጣ አመጣች፣ አነሳችው፣ አጠበችው፣ ራት ሠራች። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር የምታደርገው እንዲሁ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን። ወንድሟና እሷ ስለ መጦሪያው በስልክ ተነጋግረው የጨረሱትም አባቷ ተኝቶ ሳለ ነበር።

የውሃ ብርጭቆው አልጋው ራስጌ፣ በግራ በኩል ተቀምጧል። አባቷ ስትሮክ ከመታው ጀምሮ ግራ እጁ አይታዘዝም። ብርጭቆውን አንስታ በቀኝ በኩል አስቀመጠችው።

ከዚያ ፊቱን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"አገጭህ ላይ። እዚህም ጆሮህ ሥር። ጉንጭህም ላይ አለ።"

"ትንኝ ነው።"

"ትንኝ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይነክስም፣ አባዬ።"

"የዚህ አገር ትንኝ የተማረ ነው።"

የምላጭ ቁርጥ ነው። አንዱ ደርቋል፣ አንዱ ገና ቀይ ነው። ሁሉም በግራ በኩል። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር ቤት ነበረው። የሰው ጢም ሲላጭ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ራሱን ቆርጦ አይታ አታውቅም። ሰው ሁሉ "ማስተር" ይለው ነበር፤ እዚህም ስሙ ይኸው ሆኗል። አሁን ግራ እጁ ደክሟል፣ ቀኙ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ሰው ነው የሚላጨው። የሚላጨው ሰው ደግሞ ቆራርጦታል።

እንከኑ ተገኘ ማለት ነው። ንዴት ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ካልሲውን መልሳ አጠለቀችለትና ተነሳች።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው፤ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው።

"እህ፣ እንዴት ነው?"

"ፊቱ ተቆራርጧል።"

"ምን? ማን ቆረጠው?"

"አላውቅም። ልጠይቅ እየሄድኩ ነው።"

"ምን ትጠይቂያለሽ! አሁኑኑ አውጪው ከዚያ!"

"አውጥቼ የት ልውሰደው?"

ከወንድሟ ጀርባ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

"እንግዲህ አንቺ ያልሽው ነው" አለ በመጨረሻ። "የምታይው አንቺ ነሽ። እኔ እዚህ ሆኜ ምን እላለሁ?"

"እሺ።"

"ተናደድሽብኝ?"

"አልተናደድኩም።"

እውነቷን ነበር። ድምጿ ራሱ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላት ነበር።

ወደ ሲስተር ቢሮ የሚወስደው መንገድ በትልቁ ሳሎን ያልፋል። ሽማግሌዎቹ መስኮቱ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተደርድረዋል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል። በዱላው ወለሉን የሚቆረቁር አንድ ቀጭን ሽማግሌ አስቆማት።

"የማስተር ልጅ አይደለሽም? ንገሪያቸው! ሾርባው ውሃ ነው። ካሮቷ ብቻዋን ትዋኛለች።"

"እነግራቸዋለሁ፣ አባባ።"

"ደወሉም አይሠራም። እኔ በዱላዬ ነው የምጠራቸው።"

"እሱንም እነግራቸዋለሁ።"

ስታናግረው ፊቱን አየች። ጢሙ ተላጭቷል፤ ጉንጩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን አየች። ከዚያም ሌላኛውን። አንዳቸውም ላይ ጭረት የለም። ቁርጥ ያለው አባቷ ፊት ላይ ብቻ ነው። እዚያው እንደቆመች አንድ ሐሳብ መጣባት፤ አባቷን የሚጠላው ሰው አለ ማለት ነው። ሐሳቡ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ምንም አላሳመማትም። ይሄኛው ግን አስፈራት። አባት ተጎዳ ሲባል የማይሰማው ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው?

ሲስተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሻይ እየጠጣች ነበር።

"ይግቡ፣ ይግቡ። እንዴት አገኟቸው? አልጋው እንዲለቀቅ የሚጠብቁ ሰዎች ጠዋትም ደውለውልኛል። ላስቸኩልዎ ብዬ አይደለም።"

"አባቴን የሚላጨው ማን ነው?"

ሲስተር ሻይዋን አስቀመጠች። "ምነው?"

"ፊቱ ተቆራርጧል። የሌሎቹን አይቻለሁ፤ ምንም የላቸውም። እሱ ብቻ ነው።"

ሲስተር ተነስታ በሩን ከፈተችና "ረጅሙ!" ብላ ተጣራች። የመጣው ሰው በሩን ሲያልፍ አንገቱን ሰበር ማድረግ ነበረበት። ጎልማሳ ነው፤ ሽርጡ እርጥብ፣ መዳፉ እንደ አካፋ ሰፊ። ከዚህ በፊት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ እንደነበር አባቷ ነግሯታል።

"የማስተርን ጢም የምትላጨው አንተ ነህ?" አለች ሲስተር።

"እኔ ነኝ።"

"የቆረጥካቸውስ?"

ረጅሙ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ። "እኔ ነኝ።"

"ሌሎቹን ማን ነው የሚላጫቸው?" አለች የማስተር ልጅ።

"እነሱንም እኔ ነኝ፣ እህቴ።"

"ታዲያ አባቴ ምን አደረገህ?"

ሰውየው ወደ ሲስተር አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት። "የሌሎቹን የምላጨው ከሳቸው በኋላ ነው" አለ። "ማስተር ናቸው ያዘዙኝ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ከባድ ነበር። አንዱን አባት ቆርጫቸው ደሙ አልቆም ብሎ… ሲስተር ያስታውሳሉ። ከዚያ ምላጭ መያዝ ፈራሁ፣ ሥራውንም ልተው ነበር። ማስተር ጠሩኝና 'ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ እኔ ጋ ና' አሉኝ። 'እጅህ እስኪፈታ እኔን ላጭ፣ ስትቆርጠኝ ለምን እንደቆረጥክ እነግርሃለሁ፣ ከዚያ ወደነሱ ሂድ' አሉኝ። ለማንም አትንገር ብለውኛል።"

ከሳሎኑ የሽማግሌው ዱላ ወለሉን ሲቆረቁር ይሰማል።

"ሰው መለማመጃ ነው እንዴ?" አለች ሲስተር በቀስታ። ፊቷ ቀልቷል። "እሳቸውም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው የሚወስዱት። ቢደማባቸውስ? ቢመረቅዝስ? ለኔ መንገር አልነበረብህም?"

"ነበረብኝ።"

ልጅቱ አንዳቸውንም ሳታይ ተነስታ ወጣች።

አባቷ ውሃውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ግማሹን ደረቱ ላይ እያፈሰሰ ይጠጣ ነበር። ብርጭቆውን ተቀበለችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ትንኝ ነው ያልከኝ?"

ዓይኗን አይቶ ገባው። "ትንኝ ነው። ረጅም ትንኝ።"

"አባዬ።"

"ቆይ፣ ምን አሉት? አባረሩት?"

"ገና ነው። ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?"

"እኔስ የተማርኩት በማን ፊት መሰለሽ? በአጎቴ ፊት ነው። ሲያመው በክርኑ ነበር የሚመታኝ። እኔ አልመታውም። ይኸው ልዩነቱ።" ሳቀ፤ የሚስቀው ግማሽ አፉ ብቻ ነው። "እነዚያን ሰዎች አየሻቸው? ቆዳቸው ወረቀት ነው። የሚመጣላቸውም ሰው የለም። እኔ አንቺ አለሽኝ።"

"አያምህም?"

ቀኝ እጁን አንስቶ እየተንቀጠቀጠ ግራ ጉንጩን ነካ። "በዚህ በኩል አይሰማኝም። አገጬም ይሁን ጆሮዬ፣ ከዚህ ወዲህ ያለው የኔ አይመስለኝም። ሲቆርጠኝ የማውቀው ድንጋጤውን አይቼ ነው። ታዲያ ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል? ይማርበት።"

ደረቱ ላይ የፈሰሰውን ውሃ በፎጣ ጠረገችለት።

"ደግሞ ይችላል" አለ። "እጁ አካፋ ይምሰል እንጂ፣ አሁን ምላጩን ሲያዞር በጆሮዬ እለየዋለሁ። ድምፁ ተለውጧል። ትናንት ያንን ዱላው የማያርፈውን ሰውዬ አንዴም ሳይቧጭር ጨረሰው። ማታ እንቅልፍ ከመምጣቱ በፊት 'ነገ አንገት እንዴት እንደሚላጭ አሳየዋለሁ' እያልኩ አስባለሁ። ቤት ሳለሁ ስለ ነገ አስብ የነበረ ይመስልሻል?"

"ቤት መሄድ ትፈልጋለህ?"

"አንቺ እንዳልሽ" አለ ወዲያው። "አንቺ ደስ እንዳለሽ። የኔ ነገር አያስቸግርም።"

መታጠቢያ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ሲውልም "ምንም አልሆንኩም፣ አሁን ነው የተቀመጥኩት" ነበር ያላት። ጉልበቱ አብጦ ሳለ "ድሮም እንዲህ ነው" ብሏት ነበር። ትንኝ ነው ብሏታል። የሚላት ሁሉ እሷ እንዳትጨነቅ ተብሎ የተሰፋ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ያማረ፣ ገልብጦ ለማየት ግን የማይመች።

"መጣሁ" ብላ ተነሳች።

ሲስተር ብቻዋን ነበረች። ሻይዋ ቀዝቅዟል።

"ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች ልጅቱ ገና ሳትቀመጥ። "ልንገርዎ፤ ረጅሙን ከመላጨት ሥራ አነሳዋለሁ። አባትዎን ከነገ ጀምሮ በማሽን ብቻ ነው የምንላጫቸው። ምላጭ የሚባል አጠገባቸው አይደርስም። ይሄ ከሆነ እዚህ ይተዉዋቸዋል?"

ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እጆቿን አየች። ሲስተር ያለችው ትክክል ነው። እሷም ብትሆን የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ እንከኑ ተገኘ፣ እንከኑ ተነሳ። ከነገ ጀምሮ አባቷ ንጹሕ ፊት፣ ደረቅ አንሶላ፣ ጤነኛ ተረከዝ ይኖረዋል። የፈለገችበት ቦታ ፈትሻ ምንም አታገኝም። ማታም ስለ ነገ የሚያስበው ነገር አይኖርም።

"ደወሉ አይሠራም" አለች።

"አውቃለሁ። ሠራተኛ ይመጣል።"

"የውሃ ብርጭቆው በቀኝ ይቀመጥ። ሾርባውም ውሃ ነው ይላሉ።"

"እሺ። ምላጩስ?"

"እሱን እኔ አልመልስም።"

"እርስዎ ካልመለሱ ማን ይመልሳል? ቤተሰብ እርስዎ ነዎት።"

"ፊቱ የሱ ነው፣ ሲስተር። ሄደው እሱን ይጠይቁት። መድኃኒቱንም፣ ሊመጣ የሚችለውንም አንድ በአንድ ይንገሩትና ይወስን። እዚህ መቆየቱንም አብረው ይጠይቁት። እስከዛሬ የጠየቀው ሰው የለም።"

ሲስተር መነጽሯን አውርዳ አየቻት። "ቤቴ ልሂድ ቢሉስ?"

"ቤቴ ካለ ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ።"

"ሥራዎስ?"

"አላውቅም።"

ሲስተር ጥቂት አሰበችና ተነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። "ይምጡ እንጂ፣ አብረን እንጠይቃቸው።"

"እኔ አልመጣም።"

"ለምን? አባትዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ካለሁ ለኔ ሲል ይዋሻል።"

ሲስተር በሩን ገርበብ አድርጋው ሄደች፤ የእግሯ ኮቴ ሳሎኑን አቋርጦ ወደ ኮሪደሩ ገባ። ልጅቱ ልትነሳ ፈለገች። ልትከተላት፣ በር ላይ ቆማ ልትሰማ፣ ፊቱን ልታይ ፈለገች። እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል አስገብታ ወንበሩ ላይ ቀረች።