ዐሥር ከረጢት አፈር

ዶክተር አምባቸው ከምሥራቅ ጀርመን ዶክትሬቱን ይዞ መካነ ሰላም ሲገባ፣ ጫማው ያብረቀርቅ ነበር። እንዲህ ተጫምቶ አፈር ፍለጋ የመጣ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ጀርመን ያሉት ፕሮፌሰር፣ አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሐዋስያን አዲስ የቁስልና የሳንባ መድኃኒት የሚፈልግ አንድ ተመራማሪ ለሁለት ዓመት ሊቀጥሩ ነው። ከዶክትሬት በኋላ እንዲህ ያለ ቦታ በዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነው። አምባቸውም፣ ማንም ያልመረመረውን የብርዳም ደጋ አፈር በገዛ እጄ ቆፍሬ አመጣለሁ ብሎ ፈርሟል።

በገዛ እጁ! ደጋው ድረስ በበቅሎ ተንገላቶ፣ በዚያ ብርድ፣ ከገበሬ ጋር ቁንጫ ሊጋራ? ደጋ የሚኖሩትን አጎቱን ጋሼ ላቀውን አስጠራና ዐሥር ንጹሕ የላስቲክ ከረጢት ሰጥቶ፣ ከአገሩ ምርጥ አፈር ሞልተው እንዲያመጡለት አዘዘ። ሽማግሌው ለምን እንደሆነ ጠየቁ።

“ብነግርዎትም አይገባዎትም፣ ጋሼ። ብቻ ምርጡን ያምጡልኝ።”

ከዚያ ቡና ቤት ተቀምጦ የአገሩን ሰው ድንቁርና ለከተማው መምህራን ሲያማ ሰነበተ። የከተማው ካድሬ “ጓድ ዶክተር” ባለው ቁጥር ደረቱን ይነፋ ነበር።

ጋሼ ላቀው የተመለሱት የአምባቸው ከአገር የመውጫ ፈቃድ ሊያበቃ ሲል፣ በማግስቱ ወደ ደሴ ሊሳፈር ባለበት ቀን ነው። አንዱን ከረጢት ፈታው። አፈሩ ቀልቶ አመድ ለብሷል።

ምንድነው ቢላቸው፣ ሽማግሌው ኮሩ። ምርጡን አምጡ ስላላቸው ከራሳቸው ማሳ ያወጡት ነው። መሬቱ ሲደክም አፈሩን ከእበት ጋር ቆልለው ቀናት ሙሉ ያነዱታል፤ ከዚያ የሚበቅልበት ገብስ ለጉድ ነው። ዘንድሮ ሊዘሩበት ካዘጋጁት ነው ቆንጥረው የሰጡት።

አምባቸው የቀሩትን ዘጠኙንም ፈታታ፤ ሁሉም ያው ነበር። ሕይወት ያለው አፈር ፈልጎ የተቆላ አፈር ታቀፈ።

“ያልተቃጠለ አልነበረም? እኔ የምፈልገው አፈሩ ውስጥ የሚኖረውን ሕያው ነገር ነው፤ እሱን እሳት ፈጅቶታል” አለ።

“ከማሳዬ አጠገብ የከብት ግጦሽ አለ። እሳትም ማረሻም አይቶ አያውቅ። እሱን ማን ምርጥ ይለዋል ብዬ ተውሁት። ሕያው ነገር ይኑርበት ብትለኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ? በመዳፌ ዝቄ በሞላሁልህ።”

አሁኑኑ ሄደው እንዲያመጡለት ለመናቸው። መሄጃው ሁለት ቀን፣ መመለሻውም ሁለት ቀን መሆኑን ዛሬ ገና የሰማ ይመስል ነበር። ጋሼ ላቀው ከረጢቶቹን መልሰው አሰሩና በቅሏቸው ላይ ጫኑ። የዘር ጊዜ ደርሶ ስለነበር፣ ቆመው አላጽናኑትም።