ቬሎው ለጎረቤት ልጅ

እና ማንም ምንም ሊላት አይችልም፣ ማን ደፍሮ ምን ሊላት፣ ነገ የምትዳር ልጅ ዛሬ ቬሎ አጥታ ስታለቅስ ጎረቤት እጁን አጣጥፎ ያያል እንዴ፣ ሰደቃ ነው፣ አዎ፣ ሰደቃ፣ ቢልቂስ ቃሉን በልቧ እየደጋገመች መኝታ ቤቷ ወለል ላይ ተንበርክካለች፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ የራሷን ቬሎ ጫፍ በሌላ ሴት እግር ላይ እየለካች። እግሩ የመቅደላዊት ነው፣ ፊት ለፊት በር ያሉት የእትዬ ወርቅዬ ልጅ። የተከራየችውን ቬሎ ባለሱቁ ለሌላ ሙሽራ ሰጥቶባት ትናንት እናትና ልጅ ሲላቀሱ አምሽተዋል፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምኑን ይሸሽጋል፣ ሳል እንኳ ያሳልፋል። ቢልቂስ ትናንት ሰምታለች። ሚስኪን ብላለች። ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጋለች። የተነሳችው ዛሬ ጠዋት ነው፣ እናቷ ከደወለች በኋላ።

እሱን ለማንም አትናገርም።

እማ ስትደውል ደህና አደርሽ እንኳ አላለችም፣ ሙፊዳ ዛሬ ትመጣለች፣ ቬሎውን ትለካው፣ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ከሚጠጣ እህትሽ ትዳርበት። ተነጋግረን ጨርሰናል። ማንና ማን፣ ቬሎው የማን ሆነና ነው እነሱ ተነጋግረው የሚጨርሱት፣ እሺ እማ አለች ቢልቂስ፣ እሺ፣ ትምጣ፣ ስልኩን ዘጋች፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ነጩን ከረጢት ከነመስቀያው አወረደች፣ በነጠላ ጫማ፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ኮሪደሩን ተሻግራ አንኳኳች። እትዬ ወርቅዬ፣ መቅደላዊት ተቸገረች ሲባል ሰምቼ ነው፣ ይሄ ይሆናት ይሆን? ሴትዮዋ ከረጢቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ትከሻዋን ስመው ስመው አልጠግብ አሉ፣ የኔ እናት፣ ከየት ላከሽ፣ እመብርሃን የልብሽን ሁሉ ትስጥሽ። የልብሽን ሁሉ። አሚን አለች ቢልቂስ፣ የልቧን ቢያውቁት።

ሰኞ አሳጥበን እንመልሳለን አሉ። አይ፣ አይመለስም፣ የሷ ነው፣ ለዘለቄታው። ኧረ በስመአብ፣ እንዴት ተደርጎ፣ ከዱባይ የመጣ ልብስ። እትዬ ወርቅዬ፣ ሰጠሁ ካልኩ ሰጠሁ ነው።

አሁን መቅደላዊት መስታወቱ ፊት ቆማለች፣ ሌሊቱን ሙሉ በለቅሶ ያበጠ ዓይኗ ገና አልጎደለም፣ አጭር ናት፣ ቬሎው ወለሉ ላይ ይጎተታል፣ ወደ ውስጥ እንጠፈው ብላለች በትንሽ ድምፅ፣ ቢልቂስ ግን መቀሱን አንስታለች። ታጥፎ ይከብድሻል። ስትራመጂ ያደናቅፍሻል። ይቆረጥ። መቀሱ ዳንቴሉ ላይ ሲገባ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፣ ቀጭን፣ የሚጣፍጥ፣ አዎ የሚጣፍጥ፣ አስተግፊሩላህ፣ ቢቆረጥ ለሙፊዳ አይሆንም፣ ሙፊዳ ረዥም ናት፣ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ እማ ስለተናገረች አይረዝምም፣ ቁረጪ፣ ዙሪያውን፣ አታቋርጪ።

ባለፈው ዓመት መልሱ ካለቀ ጀምሮ ይሄ ልብስ እዚያው ነበር። ባሏ አብዱሰመድ ሸሚዙን በፈለገ ቁጥር ይነጫነጫል፣ ግማሽ ቁም ሳጥን ያዘብን እኮ፣ አንድ ነገር አድርጊው በአላህ። አንድ ነገር። ልትሸጠው ፎቶ አንስታ ነበር፣ ቴሌግራም ላይ ልትለቀው ስትል ጣቷ እምቢ አላት። ለቬሎ ቤት ልታስረክበው አሰበች፣ የማታውቀው ሰው ሁሉ ላብ ታያት፣ ተወችው። ለሴት ልጄ ይቀመጥ አለች፣ የቷ ሴት ልጅ፣ ገና የት አለችና። ሁሌ አውጥታ ሁሌ ትመልሰዋለች። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ለማንም ይሁን፣ ለሙፊዳ ግን አይሁን።

ታናሽ እህት። ታናሽ ማለት የሷን ሁሉ የምትወርስ ማለት ነው፣ ጫማዋን፣ ዩኒፎርሟን፣ ቀዩን ሹራብ፣ ሹራቡ ቢልቂስ ላይ ሹራብ ነበር፣ የብርድ ልብስ፣ ሙፊዳ ስትለብሰው ፋሽን ሆነ፣ ጌጃ ሰፈር መንገድ ላይ ሴቶች አስቁመው ይሄን ከየት አገኘሽው የኔ ቆንጆ ይሏታል፣ ከየት ታገኛለች፣ ከኔ ነዋ፣ ከኔ ላይ ወልቆ። ቢልቂስን ማንም አልጠየቃት። በሰርጓ ቀንም እንደዚያው፣ ሚዜዋ ሙሽራዋን አስንቃት ዋለች ብለው ሙድ የያዙ ነበሩ፣ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ምን ታድርግ፣ ቬሎ ለብሳ ታልቅስ?

ግን እሱ አይደለም። እሱን ትችለው ነበር።

ቬሎው ከዱባይ በመጣ ሰሞን ነው፣ ልብስ ሰፊው ደገፋ እናቷ ቤት ድረስ መጥቶ ሊለካ፣ እሷ ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቷ መውጣት ስላልቻለች በቃ ሙፊዳ ትቁምለት ተባለ፣ ወገባችሁ አንድ ነው። ቢልቂስ ዘግይታም ቢሆን ወጥታ፣ ታክሲ አጥታ፣ ግማሹን በእግሯ እየሮጠች ደረሰች፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሳሎኑ መሃል ሙፊዳ በቬሎዋ ቆማለች፣ እማ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እማ፣ ባሏን ስትቀብር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት፣ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ማሻአላህ፣ ለሷ የተሰፋ እኮ ነው የሚመስል። ለሷ የተሰፋ። ቢልቂስ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን የምታወልቅ መስላ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ገባች። ከዚያ በተራዋ ለበሰችው። እማ ዙሪያዋን ዞረች፣ ጨርቁን ሳብ ሳብ አደረገች፣ ወገብሽ ላይ ጠበቀሽ መሰለኝ፣ ደገፋ፣ ትንሽ ልቀቅላት። ይኸው ነው። እንባ የለም። እንባው አልቋል።

ሰው ይሄን ለማን ይናገራል፣ እናቴ ለኔ አላለቀሰችም ብሎ፣ ትልቅ ሴት፣ ባለትዳር።

ስልኳ አልጋው ላይ ይርገበገባል፣ ሙፊዳ ናት፣ ቢሉ ብላ ነው የምትጠራት፣ ቢሉ፣ ከባቡር ወርጃለሁ፣ ሙዝ ልግዛ? አትግዢ፣ ነይ ዝም ብለሽ። እና መጠበቅ፣ ደረጃውን እየወጣች ነው፣ አሁን ትገባለች፣ አሁን ታያለች፣ ፊቷ ሲወድቅ ልይ፣ አንዴ ብቻ፣ አንድ ጊዜ የሷ ፊት ሲወድቅ ልይ።

በሩ ተከፈተ፣ ሙፊዳ፣ ሙዙን ገዝታለች በግድ፣ ሂጃቧ በደረጃው ሩጫ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ አየች። መቅደላዊትን አየች፣ ቬሎውን አየች፣ ወለሉ ላይ የተጠቀለለውን የዳንቴል ቁራጭ አየች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ መብራት ሊሄድ ሲል እንደሚያደርገው። ቢልቂስን አላመለጣትም፣ አገኘችው፣ ዋጠችው። ከዚያ ያቺ ልጅ ሙዙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እልልልል አለች፣ ከልቧ፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ፣ ውይ ሙሽራዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ፣ ነይ ቀዝቃዛ ውኃ ላድርግልሽ፣ እና ጎንበስ ብላ ቢልቂስ አጣማ የሰካቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አስተካከለች፣ መቅደላዊት ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ለኔ አልሳቀችም። የሰጠኋት እኔ፣ የሳቀችው ለሷ።

እትዬ ወርቅዬም መጡ፣ እናትና ልጅ ቬሎውን ይዘው እየመረቁ ሄዱ። ወጥ ቤት ሁለቱ ብቻ ቀሩ፣ ሙፊዳ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ማን እጠቢ አላት። እማ ደውላልሽ አልነበር? ደውላለች፣ ግን ሲያለቅሱ አድረው እንዴት ልጨክን። ደግ አደረግሽ። ውኃው ይፈስሳል። ቢታጠፍ ግን ይበቃ ነበር፣ አይደል፣ ለምን ቆረጥሽው? ታጥፎ ይከብዳታል ብዬ። እ። ብርጭቆውን ደፋችው፣ እጇን ጠረገች፣ ዞረች፣ ፈገግ ብላለች፣ ይሄ ፈገግታ ነው የሚገድላት፣ እንግዲያው ተነሽ ልበሺ፣ ሜክሲኮ ጋ አንድ ቬሎ ቤት አውቃለሁ፣ አብረን ሄደን እንከራይ፣ የጀለሶቼን ዓይን አላምንም፣ ያንቺ ይሻለኛል።

ያንቺ ይሻለኛል። በመንገድ ሁሉ ያቺ ቃል ከጎኗ አብራ ትራመዳለች፣ በሰንጋ ተራ የግንባታ አቧራ ውስጥ፣ ሙፊዳ ክንዷን ይዛ ስለ እጮኛዋ ስለ ቢላል እያወራች፣ ቢላል ለወንድሞቹ ሱፍ አሰፋ፣ ቢላል እናቱ፣ ቢላል። አብዱሰመድ እኮ ጥሩ ሰው ነው፣ ምን ጎደላት፣ ምንም፣ አንድ ቀን ግን ስሟን እንዲህ እየደጋገመ ለሰው አውርቶ ያውቃል? ዝም በይ ቢልቂስ። ዝም በይና ተራመጂ።

ቬሎ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ጠባብ፣ ነጭ በነጭ፣ ባለሱቋ ሁለት ታወጣለች። አንዱ ቀጥ ያለ፣ ከትከሻው እስከ ወለሉ ዝም ብሎ የሚወርድ። ሌላው ትከሻው የተነፋ፣ አንገቱ በጥብጣብ የታነቀ፣ ጀርባው በትንንሽ ቁልፍ የተደረደረ። የቱ ይሻላል ቢሉ? ቢልቂስ ሁለቱንም ታያለች፣ ሳትነካቸው ታውቃለች። ሙፊዳ አንገቷ አጭር ነው። ይሄን በዚህ ዓለም የሚያውቅ ሰው የለም፣ እናቷም አታውቀውም፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝታ ያደገች እህት ብቻ ናት የምታውቀው፣ ሂጃቡና ሳቋ ይሸፍኑታል፣ ያ ጥብጣብ ግን አይሸፍነውም። ይሄኛው፣ ትላለች ቢልቂስ፣ ጣቷ ወደ ተነፋው ይዘረጋል። እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነኝ። እሺ።

መጋረጃው ተዘጋ፣ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ተከፈተ።

አስጠላባት። ወላሂ አስጠላባት፣ ጭንቅላቷ በትከሻዎቿ መሃል ሰጥሟል፣ ወፍራም ትመስላለች፣ ደካማ፣ የማንም ሴት ትመስላለች፣ እና ደስታው መጣ፣ አልቀረም፣ ትሸሽገው ማን ፊት፣ ከሆዷ ተነስቶ እስከ ጆሮዋ ሞቃት፣ ጣፋጭ። ሙፊዳ መስታወቱን ታያለች። ወደ ጎን ዞረች። ጥብጣቡን በጣቷ ዝቅ አደረገች፣ ተመልሶ ወጣ። እጆቿ የት እንደሚቀመጡ ጠፋቸው። ጥሩ ነው፣ ትላለች ድምጿን አስተካክላ፣ መጀመሪያ ላይ ነው ዓይኔ ያልለመደው፣ አንቺ ካልሽው ይሄው ይሁን። ለባለሱቋም፣ ይሄን ያዥልን።

አንቺ ካልሽው።

ልትዳርበት ነው። በዚህ። ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቢላል ፊት፣ እኔ ስላልኩ፣ ባለሱቋ ቀኑን ልትመዘግብ ብዕሯን ትፈልጋለች፣ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ቢልቂስ በሙሉ ዓይኗ እህቷን ታያለች፣ ቆንጆዋን ሳይሆን ይቺን፣ መስታወት ፊት ቆማ ያልሆናትን ልብስ እሺ የምትለዋን፣ እና ያ ሞቃቱ ነገር ሆዷ ውስጥ ይበላሻል፣ በቅጽበት፣ እንደ ወተት።

ቆይ፣ ትላለች። አትመዝግቢ።

ምነው?

አውልቂው። ያኛው ነው የሚያምርብሽ። ገና ሲወጣ አውቄዋለሁ።

ታዲያ ለምን ይሄን አልሽኝ?

እንዲያስጠላብሽ።

ባለሱቋ ብዕሯን አግኝታ ትይዛለች፣ ቀና አትልም። ሙፊዳ በመስታወቱ ውስጥ ታያታለች፣ አትዞርም፣ ከታች የሆነ ታክሲ ረዳት ይጮኻል። ቬሎሽንም? እሱንም። ጠዋት እማ ከደወለች በኋላ ነው የወሰድኩላቸው፣ የቆረጥኩትም እንዳይደርስሽ ነው። ምን አድርጌሽ ነው ቢልቂስ? ቢሉ አላለችም፣ ቢልቂስ አለች። ምን አድርጋት ነው፣ ቢልቂስ ትፈልጋለች፣ ከሹራቡ ጀምራ ታገላብጣለች፣ አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብታገኝ እንዴት ባረፈች፣ የለም፣ ልጅቷ የሰጧትን ከመልበስ በቀር ምንም አላደረገችም። ምንም፣ ትላለች። ምንም አላደረግሽኝም። እቀናብሻለሁ።

ተባለ። ጣሪያው አልወደቀም። ቅናቱም አልወጣም፣ እዚያው ነው፣ ስሙ ስለተጠራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል።

ሙፊዳ አታቅፋትም። አታለቅስም። ያ ፈገግታዋም የለም። ፊቷ ቢልቂስ አይታው የማታውቀው ፊት ነው። ባለሱቋ ቀጥ ያለውን ቬሎ ክንዷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ከዚያ ሙፊዳ ሂጃቧን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደ ፊት ታደርገዋለች፣ ጀርባዋን ለእህቷ ትሰጣለች፣ ቁልፎቹን ፍቺልኝ። ድምጿ ደረቅ ነው። ይቅር ብላት ይሁን፣ እጇ ስለማይደርስ ብቻ ይሁን አይታወቅም። ቢልቂስ ትጠጋለች፣ ቁልፎቹ ደቃቅ ናቸው፣ የመጀመሪያው ይንሸራተታል፣ ሁለተኛው እምቢ ይላል።

ቀስ በይ፣ ትላለች ሙፊዳ፣ የሰው ልብስ ነው።

እሺ፣ ትላለች። ቀስ ትላለች።