የፕሪዲክ ግቢ ሳማ

ቫይኬ ሳማ የምታጭደው ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው። የፀደዩን ለጋ ቅጠል ለሾርባ ታደርገዋለች፤ ትንሽ የጠናውን ለሻይ ታደርቀዋለች። የሐምሌውን ረጅምና ቁጡ ሳማ ግን ከበርች ዛፍ ቅርንጫፍ ጋር አስራ፣ ቁርጥማት የያዘውን ሰው ሳውና በሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትገርፍበታለች። በዚህ የኢስቶኒያ ደሴት ከሐኪም ቤት ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ ሁሉ በእሷ እጅ ተለብልቧል። እኔም ጎረቤቷ ትከሻዬን አስገርፌያለሁ። መጀመሪያ ያንገበግባል፤ ከዚያ ይሞቃል፤ ከዚያ ጥሩ እንቅልፍ ይወስዳል።

ደጇን ረግጦ የማያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ አርቬድ። በወጣትነቱ የቫይኬን እህት ሂልያን ለጋብቻ ቢጠይቅ፣ አባታቸው ፕሪዲክ በሰው ፊት ሳቀበት። ዓመት ሳይሞላ የሶቪየት ወታደሮች በጭነት መኪና መጥተው ቤተሰቡን በሙሉ ወደ ሳይቤሪያ ጫኑት። የተመለሰችው ቫይኬ ብቻ ናት። ማን እንደጠቆመ መንደሩ ያውቃል፤ ደፍሮ የተናገረ ግን አልነበረም። ሩሲያውያኑ አገሩን ለቀው ከወጡ በኋላም ዝም እንደተባለ ነበር።

እርጅና ሲጫነው አርቬድ በሁለት ምርኩዝ እየተጎተተ መጣ።

«ቫይኬ፣ እባክሽ። ሐኪሞቹ ክኒን ከመስጠት በቀር የሚያውቁት የለም።»

«ደህና ሳማ ያለው አባቴ ግቢ ነው» አለችው አጥሩን ተደግፋ። «ሂድና አጭደህ አምጣ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። የፕሪዲክ ቤት ጣራው ከወደቀ ቆይቷል። ሳማ ደግሞ ሰው የኖረበትን አፈር ስለሚወድ እዚያ እስከ ደረት ይደርሳል።

«እሺ፣ ጓንት አውሺኝ።»

«ጓንት አማረህ? ሂልያም ጓንቷን ሳታነሳ ነው የጫኗት።»

ሄደ። ምርኩዞቹን ፍርስራሹ ላይ አስደግፎ፣ በባዶ እጁ ሲያጭድ ከመንገድ አየሁት። ክንዱ እስከ ክርኑ ቀልቷል።

ሳውና ውስጥ የሆነውን ራሷ ናት የነገረችኝ። ለሌላው ቀስ ብላ ነው የምትጀምረው፤ ለእሱ ግን ከመጀመሪያው አላዘነችለትም።

«ኧረ ቀስ በይ! ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

«ይሄ ለአባቴ። ይሄ ለእናቴ። ማነው የጠቆመው?»

«ሁሉም ያውቃል!»

«ካንተ አፍ አልሰማሁም።»

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ አልኩሽ! ሳቀብኝ እኮ፣ ቫይኬ! ሰው ፊት ሳቀብኝ!»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ዘመን፣ ሽጉጥ ደቅነውበት ይሆናል እያለች ትጠረጥር ነበር።

«ለሳቅ?» አለችው። «ለአንድ ሳቅ ነው?»

በሳምንቱ በአንድ ምርኩዝ ብቻ መጣ። «ተሽሎኛል! ድገሚኝ» አላት፤ እንደ ልጅ ተደስቷል።

«እደግምሃለሁ። ግን በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ ሰው ሁሉ መቃብሩ ጋ ሲሰበሰብ የነገርከኝን ትናገራለህ።»

«ልጄ ይመጣል እኮ። የልጅ ልጆቼም።»

«የእኔ ወገን አይመጣም።»

አይናገርም ብዬ ነበር። ግን ሕመሙ ተመልሶ እንቅልፍ ነሳው። በመታሰቢያው ቀን ቄሱ ጸሎቱን እንደጨረሱ አርቬድ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማንን እንዳስጫነና ለምን እንደሆነ ተናገረ። ልጁ አበባውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ልጆቹን በእጅ እየጎተተ ወጣ። አንዲት አሮጊት ምራቋን ተፋች። ሰዉ በየመኪናው ሲበተን፣ ና ላድርስህ ያለው አልነበረም።

ቫይኬ ቃሏን አላጠፈችም። እስከ ነሐሴ መጨረሻ በየቅዳሜው ገረፈችው። ጉልበቱ እውነትም ዳነ። ሁለተኛውንም ምርኩዝ ጣለ። ዛሬ መንደሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞረዋል፤ ግባ የሚለው ቤት የለም። የልጁ በርም ተዘግቷል።

አንድ ቀን የሚደርቀውን ሳማ ጣራ ስር ስትሰቅል አግኝቻት፣ «አሁንስ በቃሽ?» አልኳት።

«አልበቃኝም» አለች፣ ገመዱን እየቋጠረች። «ዕድሜ ይስጠው። ጉልበቱም ይጽናለት። ገና ብዙ ይዞራል።»