ሁለት ነጠላ ለባምላክ

ወንዳወቅን ሳየው ደሜ ይፈላል። የአውሮፕላን ማረፊያችን ኃላፊ ተብሎ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፤ እኔ ጥበቃ ነኝ። ማረፊያ ስላችሁ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለ የአፈር ሜዳ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሌሊቱን ጎርፍ ሜዳውን መሃል ለመሃል ሸንትሮት አደረ፤ ደለል ስለሸፈነው ከላይ አይታይም። ታናሽ ወንድሜ ባምላክ ደግሞ መድኃኒት ጭኖ በትንሿ አውሮፕላን እየመጣ ነው። «እንዳትወርድ» እንዳንለው ሬዲዮው ጸጥ አለ።

ወንዳወቅ ቀይ መብራቱን ይዞ ወጣ።

«ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ አይለይም አላልኩህም? አረንጓዴ ነው ብሎ ቢወርድስ?»

«ቀለም የማይለይ ሰው ምን ሊያበር ወጣ? መመሪያው መብራት ነው!»

«መመሪያህን ቀቅለህ ብላው!»

በቀን እንዲበር ተፈቅዶለታል እኮ! ደግሞም እኔና ወንድሜ የራሳችን ምልክት አለን። አንድ ነጠላ በቁመቱ ከተነጠፈ «ውረድ»፤ ሌላ ከተሻገረበት «እንዳትወርድ»። ሁለት ነጠላ አመሳቅዬ አነጠፍኩና ያን መብራት ላስጠፋ ወደ ወንዳወቅ ሮጥኩ።

ዞር ስል፣ እናቴ! ቀኑ ማርያም ነበርና ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ልጃቸውን ሊቀበሉ መጥተዋል። ጎንበስ ብለው የላይኛውን ነጠላ አነሱ፣ ሳሙት።

«መስቀል መሬት ላይ ይጣላል? ይረገጣል? የዘንድሮ ልጅ!»

አውሮፕላኑ ሊያርፍ አፍንጫውን ደፋ።

«ይተዉት! እማ፣ ይተዉት!» ማን ይሰማኛል፤ ሞተሩ ጆሮ ይበጥሳል። እኔም ለማርያም ነጭ በነጭ ለብሻለሁ፤ ተመልሼ ሮጥኩና በቀረው ነጠላ ላይ አግድም ተዘረርኩ።

«ወንድምሽ እንዳያርፍ ነው? ምቀኛ! ተነሽ!» እናቴ በምርኩዛቸው ጎኔን ይወቅጡኛል። አልተነሳሁም። አውሮፕላኑ አፈር አልብሶኝ ቀና አለና ወደ ላሊበላ ዞረ።

«አያችሁ፣ መብራቱ መለሰው!» አይል መሰላችሁ ወንዳወቅ? አናቱ ላይ ብሰብረው ደስ ባለኝ።

እናቴ መስቀል መሬት ላይ ጣልሽ ብለው አኮረፉኝ። ከሰዓት ባምላክ ደወለ፤ እሳቸውም እንዲሰሙት የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

«ይታየሽ፣ አንድ ነጠላ አይቼ ልወርድ ነበር እኮ! ጎርፉን አሁን ነገሩኝ። ያቺን አጠር ያለችውን ኋላ ማን አነጠፋት?»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

«ነጠላ አይደለችም ልጄ፤ እህትህ ናት» አሉት። «እኔ ደግሞ ተነሽ እያልኩ ስደበድባት ነበር።»