የይስሃቅ ምራቅ

ከሊፋና ይስሃቅ አሰላ ውስጥ በሽርክና የከፈቱት ብየዳ ቤት በሩ ተዘግቶ አያውቅም። አርብ ከሊፋ ለጁምዓ ሲሄድ ይስሃቅ ይበይዳል፤ ቅዳሜ ይስሃቅ ሰንበቱን ሲያከብር ከሊፋ ይበይዳል። ይስሃቅ ከጎንደር የመጣ ቤተ እስራኤል ነው። ዘመዶቹ ሁሉ እስራኤል ገብተዋል፤ እሱ ግን ወረፋ ሲጠብቅ ሸበተ። ከሊፋ የአርሲ ልጅ ነው፤ «አንተ ብትሄድ ቅዳሜ ማን ያሳርፈኛል?» እያለ ይቀልድበታል። ቅዳሜ ግን ከሊፋ የሚያርፍበት ሳይሆን ብቻውን የሚለፋበት ቀን መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ብረት የሚያቀልጥ ቤተ እስራኤል ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚለው አሮጌ ወሬ ከጎንደር ድረስ ተከትሎት መጥቷል። አገሩ ሁሉ ስልክ ይዞ ሲጎረጉር ይውላል፤ ይህን ወሬ ግን የሚጥልበት ቦታ አላገኘም።

ለአረፋ ከሊፋ በግ አረደ። ይስሃቅ የወገኑ ሰው ያላረደውን ሥጋ ስለማይቀምስ፣ የከሊፋ ሚስት ራቢያ እንደ ልማዷ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ አሽታ ጭኮ ሠራችለት። ሳህኑን ይዛ የሄደችው ትንሿ ልጃቸው ፈይሩዛ ናት። ይስሃቅ ደስ ብሎት ከራሱ አስቀድሞ እሷን አጎረሳት። ይህን ጎረቤታቸው እትዬ ውድነሽ በአጥር ቀዳዳ አዩ፤ እሳቸው የማያዩት ነገር የለም።

በማግስቱ ፈይሩዛ በትኩሳት ነደደች፤ አንገቷም አልታጠፍ አለ። ሆስፒታል አስገቧት። ሐኪሙ ማጅራት ገትር መሆኑን ነግሮ፣ «መርፌው ከተቋረጠ ልጅቷን ታጧታላችሁ» አላቸው።

ቀናት አለፉ፤ ፈይሩዛ ዓይኗን አልገለጠችም። እትዬ ውድነሽ ብርቱካን አንጠልጥለው ሊጠይቁ መጡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ራቢያ ልጄ፣ ቡዳ በመርፌ አይወጣም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የበላት ሰው እንትፍ ካላለባት አትድንም። ጭኮውን ሲያጎርሳት በዓይኔ አይቻለሁ።»

ራቢያ እንዲህ ያለ ወሬ የምትሰማ ሴት አልነበረችም። ነገር ግን እናት ናት፤ ልጇ ደግሞ እፊቷ እየከሰመች ነው። እትዬ ውድነሽ ሲወጡ ባሏን ጠራችው።

«ወይ ይስሃቅ መጥቶ ይትፋባት፣ ወይ ይህን ጉሉኮስ ነቅዬ ጢቾ ያለው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ እወስዳታለሁ» አለችው።

«ራቢያ፣ ትገድያታለሽ።»

«እዚህም እየሞተች ነው።»

ለምኗት ለምኗት አልሆነም። ከሊፋ ብየዳ ቤት ሄዶ ነገሩን ለይስሃቅ ሲነግረው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ ሐፍረት አንገቱን ሰበረው።

ይስሃቅ የብየዳ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ፣ «ከተፋሁ ቡዳ ነኝ ብዬ በአፌ አመንኩ ማለት ነው» አለ። «ካልተፋሁ ራቢያ ልጅቷን ከሆስፒታል ታወጣታለች።»

«አዎ።»

ከሊፋ «ተወው፣ አትምጣ» ማለት ነበረበት። ቃሉ እምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ልጁ ናት፣ ዋጠው። ይስሃቅ እጁን ታጥቦ ተከተለው።

የሆስፒታሉ ክፍል ሲገቡ ወሬውን የሰሙት ሌሎች አስታማሚ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላና በሻሽ ሸፈኑ። ይስሃቅ ለማንም ሳይናገር ፈይሩዛ ግንባር ላይ ጎንበስ ብሎ እንትፍ አለ። ከዚያ ራቢያን፣ «አሁን መርፌውን አታቋርጪ፣ እህቴ» ብሏት ወጣ።

ከሁለት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ለቀቃት። ፈይሩዛ ተነሥታ ተቀመጠችና ለስላሳ አምጡልኝ አለች። ሐኪሙ መድኃኒቱ ሠራ አለ። ከሊፋ በደስታ እያለቀሰ ኮሪደሩ ላይ ሲወጣ አንዲት አስታማሚ ለሌላዋ፣ «ሲተፋባት ዳነች እኮ» ስትል ሰማ። 

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቤት ገባ። በር የሚያሠራ ጠፋ፤ ማረሻ ሊያስጠግን የመጣ ገበሬም ይስሃቅን ሲያይ ይመለስ ጀመር። ራቢያ ለሰው ሁሉ «መርፌው ነው ያዳናት» እያለች ማለች። ማንም አላመናት፤ ባሏ አስፈራርቷት ነው ተባለ።

በሳምንቱ ቶላ የሚባል ገበሬ ከሁሩታ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ከኋላው ዱላ የያዙ ወንድሞቹ ቆመዋል። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ያቃስታል።

«ማሎ፣ እባክህ» አለ ቶላ ይስሃቅን። «የከሊፋን ልጅ እንዳዳንክ የኔንም ልቀቅልኝ።»

«ልጅህን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ ይስሃቅ።

«እኔ ጥል አልፈልግም። ልጄን ብቻ ነው።»

ከሊፋ መሐል ገብቶ፣ «ወላሂ የኔን ልጅ ያዳናት መርፌ ነው! ሆስፒታል ውሰደው» አለ።

«ላንተ ሲሆን ምራቅ፣ ለኔ ሲሆን መርፌ?» አለው ከወንድማማቾቹ አንዱ።

 ይስሃቅ የሕፃኑን ግንባር በመዳፉ ዳሰሰ። ወደ ቶላ ተጠግቶ፣ «እተፋለሁ» አለ። «ግን ምራቄ ብቻውን አይሠራም። አሁኑኑ ሆስፒታል ካላስገባኸው አይድንም።»

ተፋበት። ቶላ ልጁን ይዞ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ከነፈ። ወንድሞቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ታላቅየው የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«የልጁ ወሬ እስኪመጣ አብረን እንቆያለን» አለ።

የአሱር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ከሊፋ ወደ መካ፣ ይስሃቅ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሩ፤ ከአሰላ ሁለቱም ሰሜን ናቸውና ጎን ለጎን አንዱን ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ከሊፋ ስሙን እንኳ ላልጠየቀው ሕፃን ያን ቀን ያደረገውን ዱዓ ለገዛ ልጁ አላደረገም።