በኋላ ማርሽ የመጡ ሽማግሌዎች

"ኧረ በማርያም፣ ተይ አትርገጪው! ጭራሽ ቀበርሽን እኮ!"

ወርቄ የታላቅ ወንድሟን ጩኸት ስትሰማ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳች። የኮሮላዋ የፊት ጎማዎች የገርጂን ጭቃ እስከ መስታወቱ ረጩት እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። የአቶ ማሞ ሰማያዊ በር ከዳገቱ አናት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅርብ ነው። ግን ነጭ በነጭ ለብሰው ልጅ ሊለምኑ የሚሄዱ ሽማግሌዎች በሰኔ ጭቃ በእግራቸው አይወጡትም፤ ቢወጡትም ሽማግሌ ሳይሆን ግድግዳ ሲመርጉ የዋሉ መስለው ነው የሚደርሱት።

ነገሩ ደግሞ ቀልድ አልነበረም። አቶ ማሞ የማኅደር አባት ናቸው፤ ማኅደር ማለት የወርቄ ልጅ ቃልአብ እንቅልፍ ያጣላት ልጅ ናት። ሰውየው ባለፈው ሽማግሌዎቹን እንደ ወጉ "እስቲ ቤተሰብ ልምከር" ብለው መልሰዋቸዋል። ለዛሬ እሑድ ሲቀጥሯቸው ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ "ከምሳ በፊት ኑ። ከሰዓት ሌሎች ሽማግሌዎች አሉብኝ፤ ላረፈደ ሰው አልጠብቅም።" ቃልአብ ይህን ከሰማ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎታል።

"እኔ ብያለሁ!" አለ ወንድሟ ኃይለኪሮስ ከኋላ ወንበር። ዕድሜ ልኩን ዲኤክስ የሚሏትን የድሮ ቶዮታ የነዳ ሰው ነው። "በእኔ ዲኤክስ እንሂድ ስል 'አዲሷ ታምራለች' ተባለ። ይኸው ማማሯ! መኪና ከኋላ ሲገፋ ነው የምናውቀው፤ የፊት ጎማ ሥራው መታጠፍ ነው።"

"እሺ አሁን ምን ይሻላል?"

"ኋላዋ ይክበድ። አባ፣ ወደ እኔ ይምጡ።"

ዲኤክስ ጭቃ ሲይዘው ኋላው ላይ ሰው ይጫናል፤ ይህን የማያውቅ የሸገር ሹፌር የለም። ፊት የተቀመጡት ቄስ ኣምደሚካኤል ደግሞ ለጭነት የሚያንሱ ሰው አይደሉም። ጭቃውን ላለመርገጥ በወንበሮቹ መሃል እያቃሰቱ ወደ ኋላ ተሻገሩ። ወርቄ ነዳጅ ሰጠች። ወይ ጉድ! የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አለና ጎማዎቹ ከቅድሙ ይበልጥ በባዶ ይፈትሉ ጀመር።

ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ማልቀስ አማራት። ልጇ ቤት ቁጭ ብሎ በር በሩን እያየ ነው፤ እሷ ደግሞ እዚህ ተተክላ ቀረች።

መኪናዋ የተገዛች ቀን ቃልአብ ኮፈኑን ከፍቶ ያሳያት ነገር ትዝ አላት። ጃፓኖቹ ሞተሩን አግድም አዙረው አስቀምጠውታል። ከሞተሩ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቀውን ረጅም ብረትም ጨርሰው አውጥተውታል፤ ከኋላ መሃል የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ያገኘው ለዚህ ነው። "የአጎቴ ዲኤክስ ትገፋለች፣ ይቺ ትስባለች። ክብደቱም ጉልበቱም ፊቷ ላይ ነው፣ እማ" ብሏት ነበር። እሷ ያኔ ልቧ ቀለሙ ላይ ነበር።

"ትስባለች" አለች ለራሷ። ዳገት ላይ ሸክሙ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኋላዋ ደግሞ ጉልበት የለውም። ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ ቢያዞሯትስ?

ፍሬኑን ለቀቅ እያደረገች ቁልቁል ከዳገቱ ሥር ወዳለው የወፍጮ ቤት ሜዳ ወረደችና መኪናዋን አዞረቻት።

"አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወደ ፊት ይመለሱልኝ።"

"ምነው ልጄ? እኔ ሽማግሌ ነኝ ወይስ የጤፍ ጆንያ?" አሉ ቄሱ፤ ግን ተመለሱ።

"ተስፋ ቆረጥሽ?" አለ ኃይለኪሮስ።

"በኋላ ማርሽ ልወጣው ነው።"

"አበድሽ እንዴ! ልጅ ልንለምን ጀርባችንን ሰጥተን? ሰውየው ንቀት ነው ብሎ ከበር ይመልሰናል!"

"ካረፈድንም ይመልሰናል። አንዱን ምረጥ።"

"እግዜር የሚያየው ልብ ነው" አሉ ቄሱ። "ንጂ ልጄ።"

አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ ቀስ ብላ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። ጎማዎቹ አንዴ ተንሸራተቱ፣ ከዚያ ጭቃውን ነከሱት። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች፣ ግራ ቀኝ እያለች፣ ግን ሳትቆም ወጣች። እሰይ፣ እሰይ የእኔ ቆንጆ! አለች ወርቄ በሆዷ።

አቶ ማሞ በራቸው ላይ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ጥርሳቸው አይታይም።

"ምን ጉድ ነው? ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶ የሚመጣው ከመቼ ወዲህ ነው?"

ኃይለኪሮስ ወረደ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ እጅ ነሣ።

"አቶ ማሞ፣ ልጅዎን ይዘን ለመሄድ ከጓጓን የተነሣ ፊታችንን ካሁኑ ወደ መንገዱ አዙረን ነው የመጣነው።"

አቶ ማሞ ኃይለኪሮስን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጢማቸው ሥር ፈገግታ ብቅ አለ፤ ፈገግታው ሳቅ ሆነ።

"ምላስስ አለህ። ለመሆኑ ይሄን ዳገት በዚህ ጭቃ ማን ነዳው?"

ኃይለኪሮስ ጥቂት አመነታ። "እህቴ ናት፤ የልጁ እናት። በእኔ ምክርማ ቢሆን እስካሁን እታች ነበርን።"

አቶ ማሞ ጭቃ በጭቃ የሆነችውን መኪና አዩ፣ መሪውን እንደጨበጠች የቀረችውን ወርቄን አዩ። እሺታ በር ላይ አይነገርም፤ ወግ አይደለም። "ግቡ እንጂ፣ አንቺም ውረጂ" ብቻ አሉና ወደ ቤት ዞረው ባለቤታቸውን ጠሩ።

"ጥሩነሽ! እስቲ ለከሰዓቶቹ ሽማግሌዎች ደውዪላቸው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እንዳይደክሙ በያቸው።"